የ158ቱ ሃርድ ዲስኮች ጉዳይ፦ ዲሊት የተደረገው፣ ፎርማት የተደረገውና ሳይጠፋ የቀረው

ነገሩ የሚጀምረው በ1998 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሲምሰን ጋርፊንክል የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ከአንድ ሱቅ 10 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዛ። አንደኛውን ከፍቶ ሲያየው የጠበቆች ቢሮ ሰርቨር የነበረ ነው። ጠበቆቹ ከደንበኞቻቸው ጋር የተለዋወጡት ምስጢራዊ ሰነድ ሁሉ ቁጭ ብሏል። ሌላኛው ላይ የአእምሮ ጤና አገልግሎት የሚሰጥ የአንድ ማኅበር ዳታቤዝ አገኘ። በተቀሩትም ላይ የሰዎች የግል ፋይል ሞልቷል።

ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ሰብሮ አልገባም። ሰውየው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ዕቃ ነው።

ጋርፊንክል ነገሩን አልተወውም፤ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱ አካል አደረገው። አቢ ሸላት ከሚባል ሌላ ተማሪ ጋር ሆኖ ጥያቄውን በወጉ አነሳው፦ ያ የገጠመው ድንገተኛ ነገር ነው ወይስ ያገለገለ ዲስክ ገበያው በሙሉ እንዲህ ነው? ከኖቬምበር 2000 እስከ ኦገስት 2002 ድረስ ኢቤይ ከሚባለው የኢንተርኔት ገበያና ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚሸጡ ሱቆች 158 ሃርድ ዲስኮች ገዙ። አንዱ ዲስክ ከ5 እስከ 30 ዶላር ነበር ዋጋው። ውጤቱን በ2003 መጀመሪያ ላይ በአንድ የሙያ መጽሔት አወጡት።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አሁንም በየቀኑ የምንሰማው ነገር ስላለ ነው። ሰው ላፕቶፕ ሊሸጥ ሲል ምን ይባላል? "ፎርማት አድርገህ ሽጠው።" ፍላሹን ሊያውስ ሲል፦ "ዲሊት አድርጌዋለሁ፣ ባዶ ነው።" ከነዚያ ዲስኮች ሻጮች ብዙዎቹ ልክ ይህንኑ አድርገው ነበር።

ዲስኮቹን እንዴት መረመሯቸው?

አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ግን ጉዳዩ ሁሉ የሚገባን እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ሰክተው "ምን ምን ፋይል አለህ?" ብለው አልጠየቁትም። እንዲያ ቢጠይቁት ኖሮ ፎርማት የተደረገ ዲስክ "ባዶ ነኝ" ይላቸው ነበር። ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሰክተው ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ገለበጡት። ሴክተር ማለት ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ትንሹ ቁራጭ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዲስኮች ላይ 512 ባይት ነበር። ፋይል ይኑርበት አይኑርበት፣ ስም ይኑረው አይኑረው፣ ሁሉንም ገለበጡ። ከዚያ ቅጂው ውስጥ ፈለጉ።

የኮምፒውተር ስክሪን የሚያሳየን ዝርዝሩን ነው። እነሱ ያዩት ዲስኩን ራሱን ነው።

ከ158ቱ ውስጥ ሊነበቡ የቻሉት 129 ናቸው። ከነዚህ መካከል በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ69ኙ ላይ መልሶ ማውጣት የሚቻል ፋይል ነበረ። በ49ኙ ላይ ደግሞ ከባድ የሚባል የግል መረጃ ተገኘ፦ የሕክምና ደብዳቤ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የወሲብ ምስል፣ እንዲሁም ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር። አንደኛው ዲስክ በኢሊኖይ ግዛት ከነበረ ኤቲኤም ማሽን የወጣ ነው። የአንድ ዓመት የገንዘብ ዝውውር ከነሒሳብ ቁጥሩ ተቀምጦበታል።

ይህንን ሁሉ ያገኙት ምንም የተለየ መሣሪያ ሳይኖራቸው ነው። ዲስኩን አልፈቱትም፣ በማይክሮስኮፕ አላዩትም። ትዕግሥት ያለው የኮምፒውተር ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው።

"ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል"

የዚያን ዘመን ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ወይም ዊንዶውስ 98 ያየ ሰው ማስጠንቀቂያውን ያስታውሰዋል። ፎርማት የሚለውን ትእዛዝ ስትጽፍ፣ በዲስኩ ላይ ያለ መረጃ ሁሉ እንደሚጠፋ በትልልቅ ፊደል ይነግርህና "ልቀጥል?" ይላል። አዎ ካልከው መቶኛው እየቆጠረ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ትልቅ ዲስክ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምን ያስባል? "እያጠፋ ነው" ብሎ ያስባል። ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ጋርፊንክልና ሸላት ይህንን በሙከራ አዩት። 10 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ወስደው እያንዳንዱን ሴክተር በሚያውቁት ምልክት ሞሉት። ከዚያ ኤፍዲስክ በሚባለው የዊንዶውስ 98 ዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ከፋፈሉት፤ ቀጥሎ በዊንዶውስ 98 ፎርማት ፎርማት አደረጉት። ከዚያ ምልክቱ ያልተነካው ስንት ሴክተር እንደሆነ ቆጠሩ።

ዲስኩ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሴክተር አለው። ኤፍዲስክ የነካው ከ2,500 ጥቂት የሚበልጥ ነው። ፎርማት የነካው ወደ 21 ሺህ ገደማ። ከሺህ አንድ ማለት ነው። ከሺህ 999ኙ እንደነበረ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ዊንዶውስ 98 የሚጠቀምበት ፋት32 የሚባለው የፋይል አደረጃጀት ዲስኩን ክላስተር በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፍለዋል። በዚያ መጠን ላለ ዲስክ አንዱ ክላስተር 8 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ 10 ጊጋባይት ወደ 1.2 ሚሊዮን ክላስተር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክላስተር ሠንጠረዡ ላይ 4 ባይት ይያዛል፤ ይህ በድምሩ ወደ 5 ሜጋባይት ይጠጋል። ሠንጠረዡ ለጥንቃቄ ሁለት ቅጂ አለው፤ ስለዚህ 10 ሜጋባይት። ያንን ለ512 ብናካፍለው ወደ 20 ሺህ ሴክተር ይመጣል። ፎርማት የጻፈው ይህንን ሠንጠረዥና ጥቂት ሌሎች መነሻ ሴክተሮችን ብቻ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ደቂቃ ምን ሲሠራ ነበር? እያነበበ ነበር። የተበላሸ ሴክተር ካለ ለይቶ ለማወቅ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ አይጽፍበትም። ሰውየው ሲጠፋ ያየ የመሰለው ፋይሉ በዚያች ደቂቃ እየተነበበ ነበር።

ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲወራ "ሰው ጥንቃቄ የለውም" ተብሎ ይዘጋል። ጥንቃቄ ያልነበራቸው ሻጮች አሉ፣ እሱን አልክድም። ግን ፎርማት ያደረገው ሰውዬ ምን አጠፋ? ማስጠንቀቂያውን አነበበ፣ አዎ ብሎ መለሰ፣ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ዲስክ አየ። ፕሮግራሙ የነገረውን አመነ። ፕሮግራሙ የነገረው ደግሞ ልክ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ1991 ከዶስ 5 ጋር ዲሊት የተደረገን ፋይልና ፎርማት የተደረገን ዲስክ የሚመልሱ ሁለት ትእዛዞች አብሮ አውጥቷል። ሠሪዎቹ መረጃው እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን እንደዚያው ቀጠለ።

ዲሊት ስንል ምን ይሆናል?

እዚያው ፋት ላይ ሆነን እንየው፤ ምክንያቱም ፍላሾቻችንና የካሜራ ካርዶቻችን እስከ ዛሬ በአብዛኛው በዚሁ ቤተሰብ ነው የሚሠሩት።

ለአንድ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ 32 ባይት የምትሆን መስመር ትያዝለታለች። ስሙ፣ ቀኑ፣ መጠኑና የሚጀምርበት ክላስተር እዚያች መስመር ላይ አሉ። ዲሊት ስታደርገው የመስመሯ የመጀመሪያ ባይት ወደ 229 ይቀየራል። በቃ፣ "ይቺ መስመር ተሰርዛለች" ማለት ነው። ቀጥሎ በሠንጠረዡ ላይ የፋይሉ ክላስተሮች "ነጻ" ተብለው ይመዘገባሉ። የፋይሉ ይዘት ግን አይነካም። የተነካው ባይት የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የነበረችው ናት። የዶሱ መላሽ ትእዛዝ ፋይሉን ሲያገኘው "የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምን ነበር?" ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከመስመሯ የጠፋችው እሷ ብቻ ነበረች።

የቀበሌ መዝገብ ላይ ስምህን ሰርዘው ቤቱን እንደቆመ እንደመተው ነው። ዲሊት አንድን ስም ይሰርዛል፤ ፎርማት መዝገቡን ራሱን በአዲስ ባዶ መዝገብ ይተካል። ቤቶቹን የሚያፈርስ ግን የለም። ሌላ ሰው መጥቶ በቦታው እስኪሠራ ድረስ ቆመው ይቆያሉ።

በዚህ የተነሳ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይፈጠራል። ፎርማት ከተደረገ ዲስክ ይልቅ ዲሊት ከተደረገ በኋላ ብዙ የተሠራበት ዲስክ ላይ ያለው አሮጌ ፋይል የበለጠ የመጥፋት ዕድል አለው፤ ሌላ ነገር ተጽፎበታልና። ፎርማት ተደርጎ ወዲያው የተሸጠ ዲስክ ግን ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ ሙሉ ነው። የ158ቱ ዲስኮች ታሪክ ይኸው ነው።

ሪሳይክል ቢን ውስጥ መጣልን እዚህ ውስጥ አልቆጥረውም። እሱ ፋይሉን ከፎልደር ወደ ፎልደር ማዛወር ብቻ ነው።

በሌሎቹ ሲስተሞች ላይስ?

ዊንዶውስ ዛሬ ለዋናው ዲስክ የሚጠቀመው ኤንቲኤፍኤስን ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፋይል ማስተር ፋይል ቴብል በሚባለው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎባይት የምትሆን መዝገብ አለው። ዲሊት ሲደረግ መዝገቡ ላይ ያለች አንዲት ምልክት "በጥቅም ላይ ያልዋለ" ወደሚል ትገለበጣለች፤ ቦታውም ነጻ ይባላል። ስሙም ቀኑም ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። በጣም ትንሽ ፋይል ከሆነ፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃል የጻፍክባት የሁለት መስመር ኖትፓድ፣ ይዘቱ ራሱ እዚያው መዝገቡ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ መዝገቡ ለሌላ ፋይል እስኪሰጥ ድረስ ይዘቱም አብሮ ይቆያል።

ፎርማትን በሚመለከት ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ትልቅ ለውጥ አድርጓል። ከዚያ በፊት እስከነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ ሙሉ ፎርማትም ቢሆን ያነብ ነበር እንጂ አይጽፍም። ከቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ጋርፊንክልና ሸላት ጽሑፋቸውን ካወጡ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ግን ፎርማት የሚለው ሳጥን ሲከፈት "ኩዊክ ፎርማት" የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ስታርት ይላል። እንዲያ ሲሆን የተሠራው የ1998ቱ ዓይነት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ አሁን በሰከንዶች ማለቁ ነው።

ሊነክስ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የፋይሉ ስምና ፋይሉ ራሱ የተለያዩ ናቸው። አርኤም የሚለው ትእዛዝ የሚያደርገው ስሙን ከፎልደሩ ማንሳት ነው። ፋይሉ ሌላ ስም ካለው አይነካም። አንድ ፕሮግራም ከፍቶት ከሆነም ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል፦ ግዙፉን የሎግ ፋይል አጥፍተኸው ዲስኩ ግን አሁንም "ሞልቷል" ይልሃል፤ ያንን ሎግ የሚጽፈውን ፕሮግራም አጥፍተህ እስክታስነሳው።

በፋት ላይ ከሚሆነው አንድ የሚሻልበት ነገር አለ። ኢክስት3 ከሚባለው የሊነክስ የፋይል አደረጃጀት ጀምሮ ፋይል ሲሰረዝ ይዘቱ የት የት እንዳለ የሚጠቁሙት አድራሻዎችም ይደመሰሳሉ። ስለዚህ ፋይሉን ከነስሙ መመለስ ይከብዳል። ይዘቱ ግን አሁንም ዲስኩ ላይ ነው። እንደ ፎቶሬክ ያለ ነጻ ፕሮግራም አድራሻም ስምም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ይዘቱን ነው። ለምሳሌ ጄፔግ ፎቶ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ባይቶች ይጀምራል፦ 255፣ 216፣ 255። ፕሮግራሙ ዲስኩን እየቃኘ እነዚህን ሲያገኝ "እዚህ ፎቶ ይጀምራል" ብሎ ያወጣዋል። ስሙ "እገሌ ሰርግ" መሆኑ ይቀራል፤ ሙሽሮቹ ግን ይታያሉ። ይህ ዘዴ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይለይም፤ ዊንዶውስም ሆነ ማክ ፎርማት ያደረገው ዲስክ ላይ ይሠራል።

ማክ ላይ አፕል በ2003 ትራሽን "በአስተማማኝ ሁኔታ ባዶ ማድረግ" የሚል ምርጫ ጨምሮ ነበር፤ ፋይሉ ላይ ሌላ ነገር እየጻፈ የሚያጠፋ። በ2015 ግን ምርጫውን አነሳው። ምክንያቱ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የተሠራ ዲስክ) ላይ አጠፋሁ ያለውን በእርግጥ ማጥፋቱን ማረጋገጥ ስላልቻለ ነው። እኔ ይህንን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ያልተፈጸመን ነገር ተፈጽሟል የሚል ቁልፍ ከማስቀመጥ ማንሳቱ ይሻላል። ያ የዶስ ማስጠንቀቂያ እንዲህ የሚያነሳው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ስንት ሰው ይድን ነበር።

ኤስኤስዲ የቀየረው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክን ነው። ኤስኤስዲ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል፤ ይህንን ሳይለይ የሚሰጥ ምክር ሰው ያሳስታል።

ኤስኤስዲ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት አሮጌውን በጅምላ ማጽዳት አለበት። ስለዚህ የትኛው ቦታ ነጻ እንደሆነ አስቀድሞ እንዲያውቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይነግረዋል። ይህ መልእክት ትሪም ይባላል። ዊንዶውስ ከ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ፣ ሊነክስም በዚያው ሰሞን ይህንን መላክ ጀመሩ። ፋይል ዲሊት ስታደርግ ወይም ኩዊክ ፎርማት ስታደርግ ለኤስኤስዲው "ይህንን ቦታ አልፈልገውም" ይባላል። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ሲነበብ ዜሮ ነው የሚመልሰው። ፎቶሬክ ቢቃኘው የሚያገኘው ነገር ላይኖር ይችላል። በስህተት ያጠፋኸውን ሰነድ ፍለጋ ወደ ባለሙያ ከሄድክ "ኤስኤስዲ ነው ወይስ ሃርድ ዲስክ?" ብሎ የሚጠይቅህ ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ኤስኤስዲ ላይ "በላዩ ጻፍበትና አጥፋው" የሚባለው የድሮ ዘዴ አይታመንም። ኤስኤስዲው ሕዋሶቹ እኩል እንዲያረጁ ሲል አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። አንተ በላዩ የጻፍክ ይመስልሃል፣ እሱ ጎኑ ጽፎታል።

ተራው የዩኤስቢ ፍላሽና የካሜራ ካርድ ከሁለቱም የባሰው ቦታ ላይ ናቸው። የተሠሩት ከዚያው ዓይነት ቺፕ ነው፣ ግን ትሪም የሚባለው መልእክት ብዙውን ጊዜ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ዲሊትና ኩዊክ ፎርማት እዚያ ላይ የሚያደርጉት ልክ እንደ 1998ቱ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከሁሉም በላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ቢሮ ውስጥ ይዞራል። "ባዶ ነው" ተብሎ የተሰጠ ፍላሽ ላይ የመታወቂያ ስካን ወይም የደሞዝ ዝርዝር ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው የመጣው ከምስጠራ ነው

ጋርፊንክል ሥራውን ቀጥሎ በ2005 ዶክትሬቱን ሲጨርስ የመረመራቸው ዲስኮች 236 ደርሰው ነበር። የሚሟገትለት ነገር ግልጽ ነው፦ ሰው "አጥፋ" ሲል የሚጠብቀው ነገርና ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ነገር አንድ እስካልሆኑ ድረስ ሰውን ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ሲስተሙ መስተካከል አለበት።

የተስተካከለው ቀስ ብሎ ነው፣ በብዛትም በምስጠራ በኩል። ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው የተመሰጠረ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ የማይነበብ ከሆነ ለማጥፋት ሚሊዮን ሴክተር መደምሰስ አያስፈልግም። ቁልፉን መደምሰስ ይበቃል። ቁልፉ ደግሞ ትንሽ ናት። የተረፈው ማንም የማያነበው ኮተት ይሆናል። አይፎን ከ2009ኙ 3ጂኤስ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድሮይድ ዘግይቷል። በ2015 ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሎረን ሳይመንና ሮስ አንደርሰን፣ ከአምስት አምራቾች የተሠሩ 21 ያገለገሉ ስልኮችን መርምረው ፋክተሪ ሪሴት ከተደረገ በኋላ መልእክትና የአካውንት መግቢያ ቁልፍ ሊወጣ እንደሚችል አሳዩ። አንድሮይዶቹ ከ2.3 እስከ 4.3 የነበሩ ናቸው። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 ወዲህ ግን አዲስ የሚወጣ ስልክ ሁሉ መመስጠር ግዴታ ሆነ። ዛሬ በደህና ጊዜ የወጣ ስልክ ላይ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ ከብዙ ላፕቶፕ ፎርማት የበለጠ ይታመናል።

ለቢሮዎች ግን ችግሩ ገና አልተዘጋም። በሴፕቴምበር 2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሞርጋን ስታንሊ የሚባለውን ትልቅ የፋይናንስ ኩባንያ 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ኩባንያው በሺዎች የሚቆጠሩ ሃርድ ዲስኮችና ሰርቨሮችን እንዲያስወግድለት የቀጠረው፣ በመረጃ ማጥፋት ሥራ ልምድ የሌለው ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ነበር። አንዳንዶቹ ዕቃዎች መረጃው ሳይጠፋባቸው በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። ጉዳዩ 15 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞችን ይነካል። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ገበያ፣ ያው ዲስክ። በእኛም ሀገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ የሚያስወግድ መሥሪያ ቤት ዲስኩን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ አብሮ ማስወገድ አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሃርድ ዲስክ ያለው የቆየ ላፕቶፕ ልትሸጥ ከሆነ "ኩዊክ ፎርማት" የሚለውን ምልክት አንሳውና ሙሉውን አድርግ። ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ስታደርገው ድራይቩን እንዲያጸዳ የሚጠይቀውን ምርጫ ምረጥ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ፣ ቻርጀሩን ሰክተህ ተኛ። አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃል። 35 ጊዜ መሙላት አለብህ የሚለው የ1990ዎቹ ወሬ ዛሬ ላለው ዲስክ አይሠራም፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም አንድ ጊዜ በቂ ነው ይላል። ሊነክስ የሚጠቀም ሰው ሽሬድ የሚባለውን በላዩ እየጻፈ የሚያጠፋ ትእዛዝ ያውቀዋል።

ኤስኤስዲ ከሆነ በላዩ መጻፍ ሳይሆን አምራቹ የሠራለትን የማጽጃ ትእዛዝ ተጠቀም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሲገዛ ዲስኩን የሚመሰጥሩትን፣ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከርን ወይም ማክ ላይ ፋይልቮልትን ማብራት ነው። ያኔ በሽያጩ ቀን ሥራው ቀላል ነው። ዲስኩ ተበላሽቶ አልነሳም ቢል እንኳ ጥገና ቤት ስትሰጠው አትጨነቅም።

ፍላሽ ለሰው የምትሰጥ ከሆነ ሙሉ ፎርማት አድርግ፤ ትንሽ ስለሆነች ብዙ አትቆይም። እጅግ ምስጢር የነበረባትን ግን አትስጥ፣ ስበራት።

ይኸው አሠራር ለተጨነቀ ሰው ተስፋም ነው። የልደት ወይም የሰርግ ፎቶ የነበረበት ካርድ በስህተት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ካርዱን ወዲያው ከካሜራው አውጣው። አንድም ፎቶ አታንሳበት። መመለሻውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫን፤ የተገኘውንም እዚያው ካርዱ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጥ። ስልክ ላይ የጠፋ ፎቶ ከሆነ ግን ምስጠራው ይህንን መንገድ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ጋለሪው ውስጥ "በቅርብ የጠፉ" የሚለውን ፎልደር እይ፣ ብዙ ስልኮች ለ30 ቀን ያቆያሉ።